ግመሏን አስረን እንሂድ፦ ጂፒኤስን ከጨው፣ ከአቧራና ከሙቀት ስለ መጠበቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

የዚህ እትም የትምህርት ዓምድ ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ባሕር የሌላት አገር ልጆች፣ ያውም ቡሌ ሆራ ላይ ተቀምጠን፣ ለባሕር የተሠራ የሳተላይት መንገድ ጠቋሚ አያያዝ ምን ያደርግልናል? ትሉ ይሆናል። እኛም ያለፈው በጋ እስኪያስተምረን ድረስ እንደዚሁ ነበር የምናስበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሴሚስተር እረፍት ሰባት ሆነን ከያቤሎ ወዲያ ወዳለው ቆላ ወረድን። ዓላማችን ኩሬዎችንና ኤላዎችን ነጥብ በነጥብ መዝግበን ውሃ ለሚያመላልሱ ሰዎች ዝርዝር መስጠት ነበር። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ዝናቡ ተከታትሎ ሲቀር የቦረና ከብት እንዴት እንዳለቀ ሁላችንም እናስታውሳለን። ቦቴ ውሃ ጭኖ ሲመጣ ወዴት እንደሚሄድ በትክክል ማወቁ ቀላል ነገር አይደለም። በእጃችን የነበረው መሣሪያ አንድ ወንድማችን ከአስተማሪው የተዋሰው፣ ለጀልባ ሰዎች ተብሎ የተሠራ በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ነው። ውሃ አይገባውም ተብለናል። ስለዚህ ምንም አንሳሳለትም ነበር።

ከዱብሉቅ ብዙም ሳይርቅ ኤል ሶድ አለ። በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ የጨው ሐይቅ ነው፤ ሰዎች ጆሮና አፍንጫቸውን ደፍነው ጠልቀው ጥቁር የጨው ጭቃ ያወጡበታል። እኛም ወረድን፣ ነጥብ ያዝን፣ መሣሪያው በጨው ጭቃ ተለቀለቀ። በሻሽ ጠረግነውና ቦርሳ ውስጥ ከተትነው። በሳምንቱ ሊበራ አልቻለም። ሲከፈት የባትሪው መቀመጫ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል፤ የቻርጀሩን ቀዳዳ የሚሸፍነው ላስቲክ ክዳንም በደንብ ሳይገጠም ነበር የከረመው። አማና ተሰጥቶን አማናውን አበላሸን። ዋጋውን ከጀመዓው ሣጥን ሳይሆን ከየኪሳችን አዋጥተን መለስን። ገንዘቡ ይመለሳል፤ የሚያሳፍረው ግን ጥንቃቄው አምስት ደቂቃ የማይፈጅ መሆኑ ነው።

ግመሉን ሳያስር ተወኩል አደርጋለሁ ያለውን ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ እንዲያስራት ማዘዛቸውን ሁላችንም እናውቃለን። የግመል አገር ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። የዛሬው ትምህርታችንም ይኸው ነው፤ መሣሪያውን እንዴት እንሰር?

1. መሣሪያው የሚሰማው ምንድን ነው?

ጂፒኤስ የሚባለው የአሜሪካ ሥርዓት 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሚዞሩ ሳተላይቶች ይሠራል። ሥርዓቱ ቢያንስ 24 ሳተላይቶች እንዲኖሩት ሆኖ ነው የታቀደው። ሩሲያ ግሎናስ፣ አውሮፓ ጋሊሊዮ፣ ቻይና ቤይዱ የሚባሉ የየራሳቸው ሥርዓቶች አሏቸው፤ አዳዲስ መሣሪያዎች አራቱንም መስማት ይችላሉ።

እያንዳንዱ ሳተላይት በአቶሚክ ሰዓት እየተመራ «እዚህ ነኝ፤ ሰዓቱ ይህ ነው» የሚል መልእክት ይልካል። መልእክቱ በብርሃን ፍጥነት ተጉዞ ከሰከንድ አንድ አስረኛ ባነሰ ጊዜ ይደርሰናል። መሣሪያው የዘገየበትን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል። በሰዓት ላይ የአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ስሕተት 300 ሜትር ስሕተት ማለት ነው። በእጃችን ያለው መሣሪያ አቶሚክ ሰዓት ስለሌለው የራሱን ሰዓት ስሕተትም አብሮ ማወቅ አለበት። ኬንትሮስ፣ ኬክሮስ፣ ከፍታ፣ ሰዓት፤ የማይታወቁት አራት ስለሆኑ ቢያንስ አራት ሳተላይት ያስፈልጋል።

ምልክቱ መሬት ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው። ተራራ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የመኪና ብረት፣ የሰው ገላ እንኳ ይጋርደዋል። ኤል ሶድ ታች ሆነን ንባቡ የዋዠቀው መሣሪያው ስለተበላሸ አልነበረም። የገደሉ ግድግዳ የሰማዩን ግማሽ ከልክሎ፣ የቀረውን ምልክት ደግሞ እያነጠረ ስለመለሰው ነው። የሚሻለው ከአፋፉ ላይ መለካት ነበር።

2. ጨው

በመሣሪያዎች ላይ አይፒኤክስ 7 ወይም አይፒ 67 ተብሎ የሚጻፈውን ብዙዎቻችን «ምንም አይነካውም» ብለን እናነበዋለን። ትርጉሙ ግን የተወሰነ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ስለ አቧራ፣ ሁለተኛው ስለ ውሃ ይናገራል። 6 ማለት አቧራ አያስገባም፤ 7 ማለት አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆያል። ኤክስ ያለበት ቦታ ለአቧራ ደረጃ አልተሰጠውም ማለት ነው። ፈተናውም በንጹሕ ውሃ፣ ክዳኑ በትክክል ተገጥሞ፣ ላስቲኩ አዲስ ሳለ የተደረገ ነው። ዓመታት ያደረቁት ላስቲክ፣ ያልተገጠመ ክዳን፣ ወይም ጨው ያለበት ውሃ በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም።

ጨው ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ያለማቋረጥ ያዝጋል። ውሃው ደርቋል ብለን ስንዘናጋ ጨው ሥራውን ቀጥሏል። ሁለተኛ፣ ሲደርቅ እንደ አሸዋ ስለታም ስለሚሆን በደረቅ ጨርቅ ስንጠርገው ስክሪኑን ይፍቃል። እኛ ሁለቱንም ስሕተት ሠርተናል።

ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። ክዳኖቹ በደንብ መገጠማቸውን እናረጋግጥ። በንጹሕ ውሃ ቀስ ብለን እናለቅልቅ፤ በቆላ ውሃ ውድ ቢሆንም ግማሽ ኩባያ ይበቃል። በጥላ እናድርቅ። ከደረቀ በኋላ ብቻ ክዳኑን ከፍተን ባትሪውን አውጥተን እንይ። ስክሪኑን በአልኮል፣ በቤንዚን ወይም በሳሙና ዱቄት አንጥረግ። የላስቲኩ ከንፈር ላይ አንዲት የጨው ፍሬ ወይም ፀጉር ብትቀር እንኳ ለውሃ በር ትከፍታለች።

3. ሙቀትና አቧራ

መርከበኛ ጨውን ሲፈራ፣ የቆላ ሰው የሚፈራው የመኪናውን ዳሽቦርድ መሆን አለበት። በፀሐይ ላይ በቆመ፣ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ከመስተዋቱ ሥር ያለ ዕቃ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ብዙ በእጅ የሚያዙ መሣሪያዎች ሊሠሩበት የሚችሉት ከፍተኛ ሙቀት ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው። ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ሙጫው ይላላል፣ ባትሪው ዕድሜው ያጥራል። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ባለ ሙቀት መሞላት የለበትም። ስለዚህ ቀን በጉዞ ላይ ሳይሆን አመሻሽ ላይ፣ ከነፈሰ በኋላ እንሙላ። መሣሪያው ቢግል በቀዝቃዛ ውሃ አንንከረው፤ ውስጡ ያለው አየር በድንገት ሲኮማተር በላስቲኩ በኩል እርጥበት ይስባል። ጥላ ውስጥ አስቀምጠን እንጠብቀው።

አቧራን በተመለከተ፣ ባትሪ በነፋስ ላይ አንቀይር። መኪና ውስጥ ገብተን ወይም ጀርባችንን ለነፋስ ሰጥተን፣ እጃችንን ጠርገን እንክፈት። አንድ ንጹሕ ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ከረጢት መሣሪያውን ከነ ምልክቱ ይሸከማል፤ ፕላስቲክ ምልክቱን አይጋርድም። አሉሚኒየም ያለበት የብስኩት ማሸጊያ ግን ይጋርዳል።

4. ባትሪ

መሣሪያው ከሳምንት በላይ የማይነካ ከሆነ ባትሪው ይውጣ። ተራው ባትሪ አርጅቶ ሲያፈስ የሚበላው መጀመሪያ መቀመጫውን ነው። አሮጌና አዲስ ባትሪ አናደባልቅ። ተራው ባትሪ 1.5 ቮልት ሲሆን ድጋሚ የሚሞላው 1.2 ቮልት ያህል ነው፤ በመሣሪያው ምርጫ ውስጥ የባትሪውን ዓይነት ካልነገርነው ገና ግማሽ ሳይጨርስ «አልቋል» ሊለን ይችላል። መቀመጫው አረንጓዴ ከሆነ በሆምጣጤ በነካካ የጆሮ ጥጥ ጠርገን፣ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ሌላ ጥጥ ደግመን፣ ሙሉ በሙሉ ካደረቅን በኋላ ባትሪ እንመልስ።

5. በመርከብ ላይ

ከመካከላችን በሜካኒካልና በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቀው ወደ መርከብ ሥራ መግባት የሚፈልጉ አሉ። አገራችን ወደብ ባይኖራትም ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሷ የመርከብ ድርጅት አላት። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ፣ ቢሾፍቱ ባቦጋያም የመርከበኞች ማሰልጠኛ አለ። ይህ ክፍል በተለይ ለእነሱ ነው።

በመርከብ ላይ አንቴናው ውጭ፣ መቀበያው ውስጥ ነው፤ መካከላቸው ኬብል አለ። አንቴናው ሰማዩን ሁሉ የሚያይበት ቦታ ይቆማል። ከራዳሩ ጨረርና ከሳተላይት ስልኩ አንቴና ፊት ግን ይርቃል። ምሰሶ ጫፍ ላይ እጅግ ከፍ ማድረግም አይመከርም፤ መርከቡ ሲወዛወዝ ጫፉ ብዙ ሜትር ስለሚወዛወዝ ንባቡ አብሮ ይወዛወዛል። የኬብሉ መገጣጠሚያ ራሱን በራሱ በሚያጣብቅ ላስቲክ ቴፕ ይጠቀለላል። ኬብሉ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ይደረጋል፤ የሚወርደው ውሃ ከጉብጠቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይከተልም። የኤሌክትሪክ መስመሩ የራሱ ፊውዝ ይኑረው፤ ሞተር ሲነሣ የሚፈጠረው የቮልት መውደቅና መዝለል መሣሪያውን ሊያጠፋ ወይም ሊያቃጥል ይችላል።

አንዲት ያልጠበቀች የኬብል ማያያዣ ምን ልታደርግ እንደምትችል እንመልከት። በሰኔ 1995 እ.ኤ.አ. ሮያል ማጀስቲ የተባለች የመንገደኞች መርከብ ከቤርሙዳ ተነሥታ ወደ ቦስተን ትጓዝ ነበር። ከወደብ ከወጣች ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የጂፒኤስ አንቴናው ኬብል ከማያያዣው ተላቀቀ። መሣሪያው አልጠፋም፤ ሳተላይት ሲያጣ በፍጥነትና በአቅጣጫ ብቻ እየገመተ ቁጥር ማውጣቱን ቀጠለ። ማስጠንቀቂያው ለአንድ ሰከንድ ያህል ጮኸና ዝም አለ፤ ስክሪኑ ላይ የቀረው በትናንሽ ፊደላት የተጻፈ ምልክት ነው። ለ34 ሰዓት ያህል ማንም አላስተዋለም። ነፋሱና የባሕሩ ሞገድ ቀስ በቀስ ገፍቷት፣ ሰኔ 10 ሌሊት ከመንገዷ 17 ማይል ያህል ርቃ ናንተኬት ደሴት አጠገብ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። ከ1,500 የሚበልጡ ሰዎች ተሳፍረው ነበር፤ ሕይወት አለመጥፋቱ ትልቅ ነገር ነው።

የሚገርመው ጥልቀት መለኪያውም ራዳሩም ነበሩ። ጥልቀት መለኪያው ማስጠንቀቂያ ዜሮ ሜትር ላይ ተደርጎ ስለነበር ዝም አለ። ጠባቂዎች ያዩት ነገር ከጠበቁት ጋር የገጠመ ስለመሰላቸው ተቀበሉት። መሣሪያው ቁጥር እያሳየ መሆኑ እውነት እየተናገረ ነው ማለት አይደለም። መርከበኛ በየጊዜው ቦታውን በሁለተኛ መንገድ ያረጋግጣል፤ በራዳር፣ በጥልቀት፣ በመብራት ማማ፣ በከዋክብት። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ሙስሊሙ መርከበኛ አሕመድ ኢብን ማጂድ ኪታቡል ፈዋኢድን ሲጽፍ ያስተማረው ይህንኑ የከዋክብት ልኬት ነው። ዘመኑ የተጠቀመበት ከማል የሚባል መሣሪያ አንዲት ጠፍጣፋ እንጨትና ቋጠሮ ያለው ገመድ ብቻ ነበር፤ ባትሪ አያልቅበትም። የአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ ትቶት የነበረውን የከዋክብት ትምህርት በ2015 እ.ኤ.አ. የመለሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ሱረቱል አንዓም 97ኛው አንቀጽ ከዋክብት በየብስና በባሕር ጨለማ መሪ መሆናቸውን ሲያስታውሰን፣ ሁለቱንም መጥቀሱን ልብ እንበል።

6. ሰማዩ ራሱ ሲታወክ

ምልክቱ ወደ እኛ ሲመጣ አየኖስፌር የሚባለውን በፀሐይ ኃይል የተሞላ የላይኛው አየር ያቋርጣል። የምድር መግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ ቀበቶ ውስጥ ፀሐይ ከገባች በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ይህ አየር ይረበሻል፤ ምልክቱም እንደ ኮከብ ብልጭ ድርግም ይላል። በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ እንዲሁም ፀሐይ በምትበረታባቸው ዓመታት ይብሳል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሚያጠኗቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ለእኛ የሚሆነው ምክር አጭር ነው፤ አስፈላጊ ነጥብ ከመግሪብ በኋላ ሳይሆን ጠዋት ይያዝ።

ሰውም ሰማዩን ያውካል። በጦርነት አካባቢ ሆን ተብሎ ምልክቱ ይታፈናል ወይም ሐሰተኛ ምልክት ይላካል። በሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ጥቁር ባሕር ላይ የነበሩ መርከቦች ጂፒኤሳቸው በየብስ ላይ ያለ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ እንዳሉ አሳይቷቸዋል። በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ኤምኤስሲ አንቶኒያ የተባለች የኮንቴይነር መርከብ ጅዳ አጠገብ ስታርፍበት ባልነበረበት ቦታ መሬት ነክታ የቆመችው በምልክት መታወክ ሳይሆን እንዳልቀረ ተጠርጥሯል። ወደ ጅቡቲ የሚመጣ ዕቃችን የሚያልፈው በዚሁ በቀይ ባሕር ነው።

7. የቁጥሩ ቋንቋ

መሣሪያው ጤነኛ ሆኖም ልንሳሳት እንችላለን። የእኛ ሁለተኛ ጥፋት እዚህ ነው። አንድ ኤላ 4 ዲግሪ ከ22 ደቂቃ ላይ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ዝርዝሩን ሲገለብጥ 4.22 ብሎ ጻፈው። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ ትክክለኛው 4.367 ነው። ልዩነቱ በመሬት ላይ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ዝርዝሩን ከመስጠታችን በፊት ለኤላው አባ ሄሬጋ በስልካችን ካርታ ላይ አሳየናቸው። ሽማግሌው ቁጥሩን አላነበቡም፤ ኮረብታውን አዩና «ልጆቼ፣ ይህ የእኛ ውሃ አይደለም፤ እዚያ ብትሄዱ ጅብ ብቻ ነው የምታገኙት» አሉን። ያ ቦቴ ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ከብቶቹ 16 ኪሎ ሜትር ወዲህ ሲጠብቁ ማሰብ ይከብዳል። እሳቸው ሁለተኛው መለኪያችን ሆኑ።

ሌላም አለ። የቆዩት የአገራችን ባለ 1፡50,000 ካርታዎች አዲንዳን በተባለ መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤስ ደግሞ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ይሠራል። መሣሪያውን ከካርታው ጋር ካላስማማነው አንዱ ነጥብ ከመቶ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዝርዝር አናት ላይ መነሻውንና የአጻጻፉን ዓይነት እንጻፍ። ያረጀ መሣሪያ ከሆነ ቀኑንም እንይ። ሥርዓቱ ሳምንታትን እስከ 1,024 ቆጥሮ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ የመጨረሻው በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ነበር። ያልታደሰ መሣሪያ ቀኑን ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሊመልስ ይችላል።

8. ቂብላን በመሣሪያ ስንፈልግ

ከቡሌ ሆራ ቂብላ ከእውነተኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ያዘነብላል፤ ነገሌ ቦረና ላይ ደግሞ ወደ 1 ዲግሪ ይጠጋል። መሣሪያው ሰሜን ካሳየን አልቸገርም ማለት ነው። ነገር ግን በውስጡ ያለው ኮምፓስ ባትሪ ከተቀየረ በኋላ እንደገና መስተካከል ይፈልጋል፤ መኪና፣ ስልክና የብረት አልጋ አጠገብም ይሳሳታል። ከመኪናው ብዙ እርምጃ ርቀን እንያዘው። በሌሊት ደግሞ ሰማዩን እንይ።

ከመውጣታችን በፊት

ሀ. ክዳኑና ላስቲኩ ታይተዋል? ለ. ባትሪው አዲስና አንድ ዓይነት ነው? ትርፍስ ይዘናል? ሐ. መነሻውና የቁጥሩ አጻጻፍ ተስማምተዋል? መ. በሚታወቅ ቦታ፣ ለምሳሌ በግቢያችን በር ላይ፣ ተፈትኗል? ሠ. ንጹሕ ጨርቅ፣ ከረጢትና የማለቅለቂያ ውሃ አለ? ረ. ነጥቡን በወረቀትም የሚጽፍ ሰው ተመድቧል? ሰ. መሣሪያው በማን አማና ላይ ነው? ስሙ ይጻፍ።

ራሳችንን እንፈትሽ

አንደኛ፣ አይፒ 67 የተጻፈበት መሣሪያ ለምን ኤል ሶድ ላይ ተበላሸ? ሁለተኛ፣ ሮያል ማጀስቲ ላይ የነበሩት ሰዎች በየትኛው ደቂቃ ሊድኑ ይችሉ ነበር? ሦስተኛ፣ 5 ዲግሪ ከ38 ደቂቃ በነጥብ ሲጻፍ ስንት ነው? (5.633 ያለ አግኝቷል፤ 5.38 ያለ ቡድኑን 28 ኪሎ ሜትር አርቆታል።) በሚቀጥለው ሐለቃ ተነጋግረንባቸው እንመጣለን፣ ኢንሻአላህ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ አዲሱን መሣሪያ ለአስተማሪው ስናስረክብ አንድም የቁጣ ቃል አልተናገሩንም። «በሚቀጥለው ጊዜም ትወስዱታላችሁ» ብቻ ነው ያሉት። አመኔታ ሲመለስ እንዲህ ነው፤ ይበልጥ ከባድ ሆኖ ይመለሳል። በዚህ በጋም እንወጣለን። አላህ (ሱ.ወ.) የተሰጠንን አማና ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።